ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ፦ እድር ለሐዘንተኛ ቤት እስከ ሙት ዓመት ምን ማድረግ ይችላል?

የእድር ጸሐፊ

ጤና ይስጥልኝ። የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ እያሻሻልን ነው። አባላቱ 140 አባወራዎች ናቸው፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም አለን። አሁን ባለው ደንብ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ድስት ከመጋዘን ይወጣል፣ ገንዘቡ ለቤተሰቡ ይሰጣል፣ አባላት በተራ ያስተዛዝናሉ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይነሳል፣ ዕቃው ተቆጥሮ ይመለሳል፣ የእድሩም ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል።

የቤቱ ችግር የሚጀምረው ግን ያኔ ነው። ዘመድ ተሰነባብቶ ወደየአገሩ ይሄዳል፣ የቤት ኪራይ ይደርሳል፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት መመለስ አለባቸው፣ የሟች ስልክ ይጠራል። ስለዚህ ከሰልስት እስከ ሙት ዓመት የሚሸፍን አንድ አንቀጽ መጨመር እንፈልጋለን። ተጨማሪ ገንዘብ የለንም፤ ያለን ሰው ነው። የጤና፣ የሕግ፣ የሒሳብ፣ የማስተማር ሙያ ያላችሁ ማን፣ መቼ፣ ምን ያድርግ የሚለውን ብትጽፉልን እናመሰግናለን። «አይዟችሁ» ማለቱን እኛም እናውቅበታለን።

የአእምሮ ጤና ነርስ

በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው። አዲስ የቀን መቁጠሪያ አትፍጠሩ፤ ያለውን ተጠቀሙበት። በኦርቶዶክስ ልማድ ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት አሉ። ሰው እነዚህን ቀናት ሳይነገረው ይቆጥራል። በየቀኑ ላይ አንድ ሥራ ስቀሉበት። በሙስሊም ቤት ተዕዚያው፣ ማለትም ማስተዛዘኛው፣ ሦስት ቀን ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ግን ዒዳዋ፣ ማለትም የምትጠብቀው የሐዘን ጊዜ፣ ነፍሰ ጡር ካልሆነች 4 ወር ከ10 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ከቤት አትወጣም። ስለዚህ ወረዳ፣ ባንክና ገበያ የሚሄድላት ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መመደብ አለበት።

ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሰው መድቡ፤ እነዚያው ሁለት ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ይቆዩ። ሰው ከተቀያየረ ሐዘንተኛው በየጊዜው «እንዴት ሞተ?» ለሚለው ጥያቄ ከሀ ጀምሮ ሊያወራ ነው፤ ያ ያደክማል። ጉብኝቱ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይብቃው። «ምን ልርዳሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚያስፈልገውን ቆጥሮ መናገር አይችልም፤ «ምንም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሸኛችኋል። ይልቅ «ማክሰኞ በ10 ሰዓት ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ እቀበላለሁ» በሉ። ቀኑ፣ ሰዓቱና ሥራው የታወቀ እርዳታ እምቢ ለማለት ይከብዳል።

በመጀመሪያው ቀን የሚረሳ ትልቅ ነገር መድኃኒት ነው። የቅርብ ሰው በሞተባቸው የመጀመሪያ ቀናት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ አደጋ ከፍ እንደሚል በጥናት የታወቀ ነው። ቤቱ ውስጥ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ካለ ተመዳቢው ስሙንና ሰዓቱን ይጻፍ፣ ጠዋትና ማታ በእጁ ያስውጥ። ለቅሶ ላይ ሳይበሉ ኢንሱሊን መወጋት ወይም መድኃኒቱን ለሦስት ቀን ጭራሽ መርሳት ሰውን ሆስፒታል ያስገባል።

ከአሥራ ሁለት እስከ አርባ ባለው ጊዜ ዋናው ጉዳይ እንቅልፍ ነው። ለቅሶ ቤት ቡና ቀኑን ሙሉ ይፈላል፣ ሐዘንተኛዋ ሳሎን በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ትውላለች፣ እዚያው ታድራለች። እንግዳው ሲቀንስም ፍራሹ ሳይነሳ ይቀራል፤ በየሰዓቱ መባነን፣ ቀን ማንጎላጀት፣ ሌሊት መፍጠጥ ይለመዳል። ከአሥራ ሁለተኛው ቀን በኋላ ፍራሹን አንሱት፣ ወደ አልጋዋ ትመለስ። ባዶውን አልጋ መጋፈጥ ካቃታት ሌላ ክፍል አልጋ ይዘጋጅላት ወይም እህቷ አብራት ትደር፤ ብቻ አልጋ ይሁን። ቡና እስከ ምሳ፣ ከዚያ በኋላ የለም። የመተኛ ሰዓት ላይ አትከራከሩ፤ የመነሻው ሰዓት ግን በየቀኑ አንድ ይሁን። አልጋ ላይ ሆና 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመጣ ትነሳ፣ ደብዛዛ መብራት ላይ ትቀመጥ፣ ሲመጣባት ትመለስ። ጠዋት ፀሐይ ላይ 15 ደቂቃ እንድትራመድ ተመዳቢዋ አብራት ትውጣ፤ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወይም እስከ ዳቦ ቤቱ ከሆነ በቂ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጎረቤት በደግነት ዲያዜፓም የሚባል ማስተኛ መድኃኒት አምጥቶ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሌላ የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛ ይህን የመድኃኒት ወገን መስጠትን አይመክርም። ሱስ ያስይዛል፣ ሐዘኑን አያቀልም። አረቄም እንደዚያው ነው፤ ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ያነቃል።

ጠበቃ ከመርካቶ

ሕጉን እኔ ልያዝ። ወረቀት የሚዘገየው «አሁን ሐዘን ላይ ናት፣ ምን ብዬ ላስቸግራት» በሚል ይሉኝታ ነው። የዘገየ ወረቀት ግን በስድስተኛው ወር ጠብ ሆኖ ይመጣል።

የመጀመሪያው ሥራ የሞት ምዝገባ ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው ወይም በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። ሆስፒታል ከሞተ የሆስፒታሉ ማስረጃ ይያዛል፤ ቤት ከሞተ ጽሕፈት ቤቱ ምን እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የእድር ደብዳቤና ምስክር ይጠየቃል። እዚህ ላይ የእናንተ ማኅተም ይጠቅማል፤ ደብዳቤውን ሳይጠየቅ በሰልስቱ ቀን ጽፋችሁ ስጡ። በደብዳቤው ላይ የሟች ስም እስከ አያት መታወቂያው ላይ እንዳለ ፊደሉ ሳይለወጥ ይጻፍ። «ኃይለ» እና «ሃይለ» ተለዋውጦ በመጻፉ ብቻ ቤተሰብ ሲመላለስ ይከርማል። የሞት ምስክር ወረቀቱ ሲወጣ ቢያንስ አምስት ኮፒ ይነሳ።

ቀጥሎ የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚሰጠው የከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች ልደት ምስክር ወረቀትና ምስክሮች ይዘጋጁ። ኑዛዜ ካለ አብሮ ይቀርባል። ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ፦ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ወይም ባል «ወራሽ» አይደሉም፤ ነገር ግን የጋራ ንብረቱ ግማሽ ከመጀመሪያውም የእነሱ ነው። ለልጆች የሚተላለፈው የሟች ድርሻ ነው፤ ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ፣ ከሌላ የተወለደም ቢሆን። ሙስሊም ቤተሰቦች ሁሉም ከተስማሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት ይችላሉ።

ሟች በግል ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራ ከነበረ ያልተከፈለ ደመወዝና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይጠየቃል። ለሚሠሩ የቤተሰብ አባላት ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የሚሰጠው የሐዘን ፈቃድ ደመወዝ የሚከፈልበት 3 የሥራ ቀን ነው፤ በጣም አስቸጋሪ ሁኔታ ከገጠመ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ መጠየቅ ይቻላል። ሦስቱን ቀን ለቀብር የጨረሰ ሰው አምስቱን ለወረቀት ቢያውላቸው ጥሩ ነው።

ጡረታ፦ ሟች 10 ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎ ከሆነ ለሚስት ወይም ለባል የጡረታው 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ለእያንዳንዱ 20 በመቶ ይከፈላል። ለምሳሌ የሟች ጡረታ በወር 6000 ብር ቢሰላ፣ ለሚስት 3000፣ ለሁለት ልጆች 1200 ሲደመር 1200፣ ጠቅላላ 5400 ብር ነው። ከ10 ዓመት በታች ከሆነም ፋይሉን አትተዉት፤ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ አለ።

የእድር ጸሐፊ

ጠበቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ጥያቄ፦ የሟች ኤቲኤም ካርድ በሚስት እጅ ሲሆን ቁጥሩንም የምታውቅ ከሆነ ለአስቸኳይ ወጪ ብታወጣ ችግር አለው?

ጠበቃ ከመርካቶ

አለው። ሒሳቡ ከሞቱ ቀን ጀምሮ የውርስ ንብረት አለበት። ዛሬ ለንፍሮና ለውኃ የወጣች 8000 ብር በዓመቱ «ደብቃ ወሰደች» የሚል ክስ ትሆናለች፤ በተለይ ከቀድሞ ትዳር ልጆች ካሉ። ወጥቶ ከሆነም ደረሰኙ ይቀመጥ፣ ለወራሾች በግልጽ ይነገር። ለመጀመሪያ ሳምንታት ወጪ የእድሩ ገንዘብ ይበቃ ዘንድ ነው እኮ የተቋቋመው።

ስለ ስልኩም ልጨምር። የሟችን ሲም ካርድ አውጥታችሁ አትጣሉት፣ ለልጅም አትስጡት። የባንክና የቴሌብር መልእክት የሚመጣው እዚያ ላይ ነው፣ ያበደረውም የተበደረውም የሚደውለው እዚያ ላይ ነው። ካርድ ሳይሞላበት የቆየ ቁጥር ይዘጋል፤ በየወሩ ትንሽ ብር ይሞላበት። የድምፅ መልእክቶቹና ፎቶዎቹ ወደ ሌላ ስልክ ወይም ፍላሽ ይገልበጡ። በኋላ ልጆች የአባታቸውን ድምፅ ሲፈልጉ የሚያገኙት እዚያ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አካባቢ አንድ ገጽ ሒሳብ ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ተብሎ ይሠራ። ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሮቹን በቤቱ ልክ ቀይሩ። ከሞቱ በፊት የሟች 11000፣ የሚስት 7000፣ በድምሩ 18000 ብር ገቢ ነበር። የግድ የሆነው ወጪ፣ ማለትም ኪራይ፣ ትምህርት ቤት፣ ምግብ፣ መብራትና ውኃ፣ ትራንስፖርት፣ 16500 ነው። አሁን ያለው ገቢ 7000 ብቻ ነው። ጉድለቱ በወር 9500። ጡረታው 5400 ሆኖ ሲጀምር ጉድለቱ ወደ 4100 ይወርዳል፤ እስኪጀምር ግን ወራት ይፈጃል።

እድሩ 30000 ብር ሰጠ እንበል። ይህ ገንዘብ የ9500ን ጉድለት ከሦስት ወር ለትንሽ ቀናት አስበልጦ ይሸፍናል። ማለትም ጡረታው እስኪመጣ የሚያሻግር ድልድይ ነው። አሁን 25000ው ለአርባ ድግስ ወጣ እንበል። የቀረው 5000 ብር የሚያቆየው 16 ቀን ነው። ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ ያየ ቤተሰብ ራሱ ይወስናል፤ እናንተ «አትደግሱ» ማለት አይጠበቅባችሁም።

ዕቁብን አትርሱ። ሟች ዕቁብ ይጥል ከነበረ ተመዳቢው በመጀመሪያው ወር ውስጥ ከዳኛውና ከጸሐፊው ጋር ይገናኝ። ጥያቄው ሁለት ነው፦ ዕጣው ወጥቶለታል ወይስ አልወጣለትም? ስንት ጊዜ ጥሏል? ካልወጣለት የጣለው ገንዘብ መቼና እንዴት እንደሚመለስ ወይም ሚስት ቦታውን ይዛ ትቀጥል እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ። ወጥቶለት ከሆነ የቀረው መዋጮ ዋሱ ላይ ይወድቃል፤ ዋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ጓደኛ ነው። ሳይነገረው በድንገት ከተጠየቀ ከሐዘንተኛው ቤት ጋር ይቀያየማል፤ ቤቱም በጣም የሚያስፈልገውን ሰው ያጣል።

በለቅሶው መሐል መጥቶ «ሟች ይህን ያህል ነበረበት» ለሚል ሰው መልሱ አንድ ነው፦ «ሰነዱን ይዘህ ከአርባ በኋላ ና።» እንባ ላይ ያለ ሰው ምንም ወረቀት ላይ አይፈርም። ቤት፣ መኪና ወይም መሬት ለመሸጥ፣ ከተማ ለመልቀቅ፣ ሥራ ለመተው የሚደረግ ውሳኔ ቢቻል እስከ ሙት ዓመት ይቆይ።

ጠበቃ ከመርካቶ

በዚህ ላይ፦ የሟች ዕዳ የሚከፈለው ከውርሱ ነው። ለትዳሩ ጥቅም የተወሰደ ዕዳ ግን ባልና ሚስትን በጋራ ይመለከታል፤ ስለዚህ ሰነዱ ላይ ለምን እንደተወሰደ ይታይ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ድርሻ ያለበትን ቤት እናቲቱ ሞግዚት ብትሆንም ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አትችልም። ደላላ «ቶሎ በሉ» ካላችሁ ተጠንቀቁ።

የደብሩ አገልጋይ

የሒሳብ ሠራተኛው ስለ ድግሱ የጻፈው ቅር የሚያሰኛቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን የምታዘው ጸሎት፣ ፍትሐት፣ ቅዳሴና ምጽዋት ነው። ለሟች ነፍስ በሬ ይታረድ የሚል ግዴታ የለም። የአርባው ቀን ጸሎት ተደርሶ ጥቂት ነዳያን ቢበሉ ተዝካር ነው። እድሩ ይህን ካህናቱ ራሳቸው በሰባተኛው ቀን ለቤተሰቡ እንዲናገሩ ቢያደርግ ጥሩ ነው፤ ከአባላት ከመጣ ስስት ይመስላል፣ ከንስሐ አባት ከመጣ ግን ቤተሰቡን ከሐሜት ያድነዋል።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት

ስለ ልጆች ማንም ስላልጻፈ እኔ ልጻፍ።

መርዶ ለልጅ አይነገርም የሚለው ልማዳችን ልጁን ይጎዳዋል። «አባትህ ውጭ አገር ሄዷል» የተባለ ልጅ ስልክ ይጠብቃል፤ ሳይደወልለት ሲቀር «ረሳኝ» ብሎ ይደመድማል። «ተኝቷል» የተባለ ልጅ መተኛት ይፈራል። «እግዚአብሔር ስለሚወደው ወሰደው» የተባለ ደግሞ እናቱንም እንዳይወዳት ይለምናል። ቃሉ «ሞተ» ነው። «አባባ ሞተ። ሰውነቱ መሥራት አቆመ። አይመለስም። አንተ ያደረግኸው ነገር አይደለም።» አራት አጭር ዓረፍተ ነገር፤ የሚነግረው ከቤት የሚቀርበው ሰው ይሁን፣ እጁን ይዞ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት የማይመለስ መሆኑ አይገባውም፤ በነጋታው «መቼ ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ያንኑ መልስ በዚያው ቃል ድገሙለት፤ ሃያ ጊዜም ቢሆን።

ልጅ እያለቀሰ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወጥቶ ኳስ ይጫወታል። አልገባውም ወይም ግድ የለውም ማለት አይደለም፤ ሐዘንን በጉርሻ በጉርሻ ነው የሚወስደው። አትቆጡት።

ለወንድ ልጅ «ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ»፣ ለሴት ልጅ «እናትሽን እንዳታስጨንቂ፣ ፊቷ አታልቅሺ» ማለትን እድሩ በግልጽ ቢከለክል ደስ ይለኛል። የ11 ዓመት ልጅ ይህን ቃል በልቡ ይዞ ትምህርቱን ይተዋል።

ትምህርት ቤት ከሰባተኛው ቀን ብዙም ሳይርቅ ይመለስ፤ ቤት መዋሉ አይረዳውም። ከመመለሱ በፊት ተመዳቢው ሄዶ ለክፍል ኃላፊው ሦስት ነገር ይንገር፦ ማን እንደሞተ፣ ልጁ ምን እንደተነገረው፣ ማን እንደሚቀበለው። መምህሩም ልጁ ሲያቅተው ሳይጠይቅ የሚወጣበትን ምልክት ያስተምረው፤ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ማቆም ይበቃል። ለአንድ መንፈቀ ዓመት ውጤቱ ሊወርድ ይችላል። የእናቶች ቀን ወይም የአባቶች ቀን ካርድ የሚሠራበት ሳምንት ሲመጣ ለልጁ ቀድሞ ይነገረው፣ ለሟቹ ይሥራ ወይስ ለአያቱ እሱ ይምረጥ።

ከሜሪላንድ

በእድሩ አባላት ቤት ውጭ አገር ያለ ልጅ የሌለበት ጥቂት ይመስለኛል። ስለዚህ አንቀጹ ላይ ይህን ጨምሩ፦ መርዶ የሚነግር አንድ ሰው ይመረጥ፣ እሱ ሳይናገር ማንም ፎቶም ሻማም ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ እንዳይለጥፍ ድንኳኑ ውስጥ ይነገር።

ሰዓቱን ቁጠሩ። ሪያድና ኩዌት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ዋሽንግተን በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ አዲስ አበባ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ስትደውሉ እዚያ ሌሊት ነው፣ ብቻውን ተኝቷል ወይም የሌሊት ፈረቃ ላይ መኪና እየነዳ ነው። መጀመሪያ በአቅራቢያው ላለ ጓደኛ ወይም ለደብሩ ካህን ይነገር፤ ሁለት ሦስት ሆነው ቤቱ ይሂዱለት። በዓረብ አገር በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ ይህ ይከብዳል፤ ቢያንስ ሥራዋን ጨርሳ ክፍሏ የምትገባበትን ሰዓት ጠይቃችሁ ደውሉ፣ ከመናገራችሁ በፊትም በሌላ መስመር ድምፅዋን የምትሰማት አንዲት ጓደኛ ትዘጋጅ። ብዙ ጊዜ የቀጣሪዋ ፈቃድ ከሌለ ወደ አገር መመለስ ስለማይሆንላት «ለምን አልመጣሽም» የሚል ቃል ከቤተሰብ አፍ እንዳይወጣ።

አሜሪካ ላይ ለሐዘን ደመወዝ ያለው ፈቃድ በፌዴራል ሕግ ግዴታ አይደለም፤ እንደ ድርጅቱና እንደ ስቴቱ ይለያያል። ሁለት ቀን አልቅሶ ሥራ የሚመለስ ብዙ ነው። ቀብር ያላየ ሰው ደግሞ ሞቱን ልቡ ቶሎ አይቀበለውም። የቀብሩ ቪዲዮ ካለ ብቻውን ሌሊት እንዳያየው፤ ከሰው ጋር፣ በቀን፣ አንድ ጊዜ ይየው። አርባውን እዚያው ባለው ደብር ያድርግ። የመቃብሩ ፎቶ ድንጋዩ ሲሠራ ይላክለት።

ጠያቂ

ሐዘን አምስት ደረጃ አለው ይባላል፦ መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴ፣ መቀበል። ተመዳቢዎቹ ሐዘንተኛው የትኛው ላይ እንደደረሰ እንዲከታተሉ ማሠልጠን አይቻልም? ሌላው ደግሞ ሐዘን ሰውን ያጠነክራል፣ ያሳድጋል ይባላል። ይህን ማስተማር ጥሩ አይደለም?

የአእምሮ ጤና ነርስ

ሁለቱንም በጥንቃቄ ልመልስ፤ ብዙ ጉዳት ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

አምስቱን ደረጃ በ1969 እ.ኤ.አ. የጻፈችው ሐኪሟ ኤልዛቤት ኩብለር ሮስ ናት፤ መነሻዋም ራሳቸው ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማን እንጂ የሞተባቸው ሰዎች አልነበሩም። ሐዘን ደረጃ በደረጃ አይወጣም። «ገና ቁጣው አልመጣባትም» ብሎ የሚጠብቅ ተመዳቢ ሴትዬዋን ትቶ ሠንጠረዡን እያየ ነው። ለእድር የሚጠቅመው የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት በ1999 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ሐዘንተኛ ሁለት ሥራ አለበት ይላሉ፤ ማዘንና ኑሮን እንደገና ማቆም። ጤናማው መንገድ በሁለቱ መካከል መመላለስ ነው። ጠዋት አልቅሳ ከሰዓት ጡረታ ቢሮ የሄደች ሴት ደንዳና አይደለችም። ችግር የሚሆነው አንዱ ላይ መቅረት ነው፤ ሌት ተቀን ፎቶውን ይዞ መቀመጥ ወይም በተቃራኒው ስሙ እንዳይጠራ አድርጎ ሥራ ውስጥ መደበቅ።

ስለዚህ ተመዳቢዋ በሄደች ቁጥር ሁለቱንም ትንካ። ስለ ሟች አንድ ነገር ትጠይቅ፣ በስሙ ጠርታ፤ «እንዳላስታውሳት» ብላችሁ አትሽሹ፣ እሷ አልረሳችውም። ከዚያ ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ትንሽ ሥራ አብረው ይምረጡ። ሥራው እጅግ ትንሽ ይሁን፦ «ቤቱን ማስተካከል» ሳይሆን «የልጁን ዩኒፎርም ረቡዕ ማጠብ»። ፍላጎት እስኪመጣ ከተጠበቀ አይመጣም፤ እጅ ከጀመረ በኋላ ነው ልብ የሚከተለው። ያቃታት ከሆነ ሥራው ተልቆ ነበርና ግማሹን ቀንሱት፤ «ሰነፍሽ» አትበሉ።

የሟች ልብስ ላይ ዘመድ አይሩጥ። ሰባት ቀን ሳይሞላ ቁም ሣጥኑን ባዶ አድርጎ የሚጠብቅ ደግ ሰው አለ፤ ሸማው ላይ የቀረውን ጠረን አብሮ ይወስደዋል። ከሰማንያ በኋላ ሐዘንተኛዋ ስትፈልግ ሦስት ማዳበሪያ ይዘጋጅ፦ የሚቀመጥ፣ የሚሰጥ፣ ገና ያልተወሰነ። ሦስተኛው ከረጢት ነው ሥራውን የሚያቀለው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥ፣ ከሥራ ልብስና ከጫማ ይጀመር፤ የሠርጉ ልብስና ጋቢው መጨረሻ ላይ።

ስለ ማደግ፦ አሜሪካዊያኑ ሪቻርድ ቴደስኪና ሎውረንስ ካልሁን ከከባድ መከራ በኋላ በአንዳንድ ሰዎች የሚታይ ለውጥን አጥንተዋል፤ የሰውን ዝምድና ማክበር፣ አዲስ መንገድ ማየት፣ የራስን ብርታት ማወቅ፣ መንፈሳዊነት፣ ለሕይወት ዋጋ መስጠት። ግን ይህ በሁሉም ላይ አይታይም፣ ሕመሙንም አይተካም፤ ከሕመሙ ጋር ጎን ለጎን ይኖራል። ሐዘንተኛዋ ራሷ «ዘንድሮ ብቻዬን ወረዳ ሄጄ ጉዳዬን ጨረስሁ» ስትል አድምጡ፣ አስፉላት። እናንተ ግን «ይህ ለበጎ ነው፣ ያጠነክርሻል» ብላችሁ አትጀምሩ። ልጁን ለቀበረ ሰው ይህ ስድብ ነው።

መቼ ወደ ሕክምና ትላካለች? የዓለም ጤና ድርጅት የሕመሞች ምደባ ለተራዘመ ሐዘን ቢያንስ 6 ወር፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ደግሞ ለአዋቂ 12 ወር ያስቀምጣል። መንፈቅና ሙት ዓመት ማለት ነው፤ አባቶቻችን የቆጠሯቸው ቀናት ላይ ተመዳቢዋ እነዚህን ትይ፦ ናፍቆቱ ቀኑን ሙሉ ያው ነው? ሞቱን ማመን አሁንም አልቻለችም? ቤትና ሥራ መምራት አቅቷታል? አዎ ከሆነ ጤና ጣቢያ አብራት ትሂድ፤ ከዚያ የአእምሮ ጤና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይጽፉላታል፣ አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል አለ። የሟችን ድምፅ መስማት ወይም በበሩ የገባ መምሰል በሐዘን የተለመደ ነው፤ እብደት አይደለም።

ቀን የማይጠበቅበት አንድ ነገር አለ። «እሱን ተከትዬ በሄድሁ» ካለች በቀጥታ ጠይቁ፦ «ራስሽን ስለማጥፋት አስበሻል?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብቻዋን እንዳልሆነች ያሳያል። አዎ ካለች ያን ቀን ብቻዋን አትደር፣ መድኃኒትና መርዝ ከቤት ይውጣ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትድረስ።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት

ዓመት በዓልን ጨምሩ። የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ፣ የመጀመሪያው ፋሲካ ወይም ዒድ ከአርባውም ይከብዳል፤ ልጆች የጎረቤት ቤት ዶሮ ሲሸታቸው የራሳቸው ቤት ጨለማ ነው። ተመዳቢዎቹ ዋዜማው ላይ ይምጡ፣ ሽንኩርቱን አብረው ይክተፉ። «በዓል አንውልም» ካሉም ልጆቹን ጠይቃችሁ ለምሳ ውሰዷቸው።

የእድር ጸሐፊ

በጣም እናመሰግናለን። ረቂቁ እንዲህ ሆኗል፦ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ተመዳቢ (ለሴት ሐዘንተኛ ቢያንስ አንዷ ሴት)፣ አንድ ባለ 32 ገጽ ደብተር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መድኃኒት። በሰልስት የእድር ደብዳቤ ይሰጣል። በሰባት ትምህርት ቤት። በአሥራ ሁለት ሒሳብ፣ ዕቁብ፣ ፍራሽ ማንሳት። እስከ ሠላሳ የሞት ምዝገባ። በአርባ ፍርድ ቤትና ጡረታ መጀመሩ ይታያል። ከሰማንያ በኋላ ልብስ። በመንፈቅና በሙት ዓመት የነርሷ ሦስት ጥያቄዎች። በመካከሉ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጉብኝት፣ በዓመት በዓል ዋዜማ ተጨማሪ። ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ሥራና ቀን ብቻ ነው፤ ሐዘንተኛው የተናገረው አይጻፍም።

አንድ ቀረን። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹ የተበተኑ አረጋዊ አባል ሲኖርስ? ጎረቤት ለአንድ ወር ምግብ ያመላልሳል፣ ከዚያ ያቆማል።

የአእምሮ ጤና ነርስ

እነዚህ ናቸው ዝም ብለው የሚከሱት። ምግብ ማመላለሱን ከሁለተኛው ሳምንት ጀምራችሁ በግማሽ ወደ ማስተማር ቀይሩት። 50 ዓመት ሙሉ ሚስቱ ያበሰለችለት ሰው ምድጃ መለኮስን ያፍርበታል፤ ስለዚህ የሚያስተምረው ወንድ ይሁን፣ እሱም ራሱ የሚያበስል። በአንድ ምግብ ጀምሩ፣ በሽሮ። ለአንድ ሰው፦ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ መካከለኛ ሽንኩርት ደቅቆ፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ኩባያ ውኃ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ምጥን ሽሮ። ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላ፣ አንዱ ኩባያ ውኃ ገብቶ ይፍላ። ሽሮው ግን በቀረው ቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ይጨመር፤ የፈላው ላይ ደረቁን ካፈሰሰው ይጓጉላል፣ ያኔ «አልሆነልኝም» ብሎ ይተወዋል። እያማሰለ 15 ደቂቃ። ጨው መጨረሻ ላይ። ማማሰያው እጀታው ረጅም ይሁንለት፤ ሽሮ ሲንተከተክ ይረጫል፣ የአረጋዊ እጅ ደግሞ ቶሎ ይቃጠላል። እንጀራ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት አራት ይግዛ፤ በአንድ ጊዜ ስምንት ከገዛ በአምስተኛው ቀን ይሻግታል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ቅዳሜ ቅዳሜ ተመዳቢው ምሳ ሰዓት ላይ ይሂድ፣ ሰውዬው ያበሰለውን አብሮት ይብላ።